የግቢ ተባይ ረጪው የጋሽ ቆይ ሕይወትና ያዋሱት ስም

አስከሬኑን አጅባችሁ እስከዚህ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የቀድሞ ደንበኞች ሁሉ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን። ይህን ጽሑፍ የምታነብላችሁ የሟች የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ቃል በቃል ያጻፉት ግን ባለቤታቸው ስለሆኑ፣ አንዳንዱ ቦታ ለቀብር ጠንከር ያለ ቢመስላችሁ አንባቢዋን እንዳትወቅሱ አደራ ተብሏል።

ሟች ከዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት በፊት የእህል መጋዘን ጠባቂ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው፣ በመጋዘኑ ግቢ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው አይጥ ባዩ ቁጥር ዱላ ይዘው የሚሯሯጡ ሰው አልነበሩም፤ ይልቁንም በርጩማቸውን ከግድግዳው ሥር አስጠግተው፣ አይጡ በየት እንደገባና ምን ሊፈልግ እንደመጣ እስኪያውቁ ድረስ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። ሟችም ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚለውን ትምህርት ያገኙት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ በርጩማ አጠገብ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ በእርሻ ማሠልጠኛ ተቋም የሁለት ዓመት የሰብል ጥበቃ ትምህርት ተከታትለው በጥሩ ውጤት ተመርቀዋል። አብረዋቸው የተማሩት አብዛኞቹ ወንበርና ማኅተም ፍለጋ ወደ ቢሮ ሲሮጡ፣ እርሳቸው በፍራፍሬ ችግኝ ጣቢያ ተቀጥረው አምስት ዓመት፣ ከዚያም በከተማው ጤና ቢሮ በቢንቢ መከላከል ቡድን ውስጥ አሥራ አራት ዓመት፣ መርጫ በጀርባቸው አዝለው ቱቦ ለቱቦ ሲዞሩ አገልግለዋል። ያ ቡድን ሲበተን የሙያ ፈቃድ አውጥተው፣ የግቢና የአጥር ተባይ በመከላከል ሥራ በራሳቸው ስም ተሰማሩ።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በጤና ቢሮው ሳሉ፣ የትምህርት ቤት አጥር እንዲረጩ በተላኩበት ቀን ነው። ርእሰ መምህሩ ልጆቹ ዕረፍት ላይ ሳሉ ረጭተው ቶሎ እንዲሄዱላቸው ቢያዟቸው፣ ሟች መርጫቸውን አውርደው መሬት ላይ ተቀመጡና ልጆቹ ወደ ቤታቸው እስኪሄዱ ድረስ ንቅንቅ እንደማይሉ አስታወቁ። ርእሰ መምህሩ በንዴት ሲንጨረጨሩ በመስኮት ያዩት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወንበር አውጥተው ሰጧቸው፤ በዓመቱም ተጋቡ። ሦስት ልጆች ወልደው አሳድገዋል፤ አንባቢዋን ልጃቸውን ያዋለዷት፣ ኋላ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምናገኛቸው የሰፈሩ አዋላጅ ናቸው።

ጋሽ ቆይ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ሲሆኑ፣ ያወጡላቸውም ለማመስገን አልነበረም። ነፋስ ካለ ቆይ ይብረድ፣ ደመና ካለ ቆይ ዝናቡ ይለፍ፣ ከረጩም በኋላ ቆይ ይድረቅ እያሉ ሰው ሁሉ እንዲጠብቅ ያደርጉ ስለነበር ነው። አንድ ግቢ ሲገቡ መጀመሪያ መድኃኒት አይበጠብጡም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ጉንዳኑ ከየት ወጥቶ የት እንደሚገባ ይመለከታሉ፣ አሸንዳውን በመሰላል ወጥተው ያያሉ፣ ከግድግዳው ጋር የተደገፈ ማገዶ ካለ እንዲነሳ፣ ጣሪያ የነካ ቅርንጫፍ ካለ እንዲቆረጥ ያዛሉ። የልጆች መጫወቻና የውሻ ውሃ ሳይነሳ አይጀምሩም። አጥር ማዶ ቀፎ ካለ ለባለቤቱ ከአንድ ቀን በፊት ያስታውቃሉ፣ ያበበ ተክል አይነኩም፣ የሚረጩትም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ አመሻሹ ላይ ነው። ሥራቸውን ሲጨርሱ ግቢው መረጨቱን የሚያስታውቅ ነጭ ጨርቅ በሩ ላይ ያስራሉ፤ ያን ጨርቅ ከእርሳቸው በቀር ማንም እንዲፈታው አይፈቅዱም ነበር።

ደንበኛ ግን ምን ያህል የማያፍር ፍጡር እንደሆነ ባለቤታቸው በዚህ አጋጣሚ መናገር ይፈልጋሉ። የአበባ ሳህኑ ውሃ አቁሮ፣ አሮጌ ጎማው ከጓሮ ተጥሎ፣ አሸንዳው በበሰበሰ ቅጠል ተደፍኖ ዓመቱን ሙሉ ቢንቢ ሲያረባ የከረመ ሰው፣ ረጪ በሩ ላይ ሲያይ ዛሬውኑ ድራሻቸውን አጥፋልኝ ብሎ ይፎክራል። ሸረሪቷ የበላችለትን ዝንብ ሳይቆጥር ሸረሪቷን ይረግማል። የመድኃኒቱን ስም አይጠይቅ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን አያነብ፣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምን አይሸትም ይላል። መድኃኒት አፍንጫ ካልቆረጠ አይሠራም የሚለውን እምነት ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፤ ሟች ግን በአርባ ዓመት ሥራቸው ይህን እምነት ከአንድ ደንበኛ ጭንቅላት እንኳ ማስወጣት እንዳልቻሉ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ምስጥ ከግንድ ማስወጣት ይቀላል ይሉ ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ደንበኛ የሚመጥን ረጪም በሰፈሩ አልጠፋም። አንዴ ጨርሱ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ይህ ባለሙያ፣ ግቢ አንዴ ከተረጨ ዕድሜ ልክ ተባይ አያይም እያለ የሚምል፣ ውሃ ላይ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጎ እንዲሸት የሚያደርግ፣ ጓንት የማያውቅ፣ በነፋስ የሚረጭ፣ በሩብ ሰዓት ጨርሶ የሚሄድ ሰው ነበር። ተባይ በየወቅቱ እንደሚመለስና ግቢም በየወቅቱ መታየት እንዳለበት ከሚነግራችሁ ሐቀኛ ይልቅ፣ ይህን ሰው አመስግናችሁ ለጎረቤት ታስተዋውቁት እንደነበር እናንተም አትክዱትም።

አሁን ወደ አጥሩ ታሪክ እንገባለን። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም፣ በወቅቱ የአንድ መሥሪያ ቤት መምሪያ ኃላፊ የነበሩትና አሁንም ክቡር መባል የሚወዱት ሰው፣ አለቆቻቸውን በግቢያቸው ሣር ላይ ሊጋብዙ አስበው ጉንዳኑንና በረሮውን እንዲያጠፉላቸው ሟችን ጠሩ። ሟችም እንደ ልማዳቸው አጥር ማዶ ስድስት የንብ ቀፎ ላላቸው ለኃላፊው ጎረቤት፣ ለአዋላጂቱ አስታውቀው፣ አመሻሹን ጠብቀው፣ ያበበውን የአጥር ተክል ሳይነኩ የግድግዳውን ሥርና የንጣፉን ስንጥቅ ረጩ። ሲሄዱም መድኃኒቱ ተባዩን ከጉድጓዱ ስለሚያስወጣው ሦስት አራት ቀን ከበፊቱ በዝቶ እንደሚታይ፣ ይህም መሥራቱን እንጂ አለመሥራቱን እንደማያሳይ፣ አሥር ቀን ሳይሞላ ምንም ነገር እንዳይጨመርበት ለክቡር ኃላፊው ሁለት ጊዜ ደጋግመው ነገሯቸው። ኃላፊው ሰምቻለሁ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሦስተኛው ቀን ጉንዳኑ በንጣፉ ላይ ተሰልፎ ሲወጣ ያዩት ክቡር ኃላፊ ግን የእህታቸው ባል ውሃ ረጭቶ ያታለላቸው መሰላቸው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ነጩን ጨርቅ ለእንግዳ አያምርም ብለው ቀድደው ጣሉት፣ ከእርሻ ዕቃ መደብር ለጥጥ ማሳ የሚሆን መርዝ ገዝተው አመጡ፣ የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ በዓይናቸው መጥነው፣ ለእርግጠኝነትም በእጥፍ አድርገው በጠበጡና በጠራራ ፀሐይ ያበበውን አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ አጠጡት። ሽታው መንገድ ድረስ ይሰማ ስለነበር በሥራቸው እጅግ ረክተው ገላቸውን ታጠቡ።

በማግስቱ ጠዋት ጡረተኛዋ አዋላጅ ከጓሯቸው የሞቱ ንቦችን በመጥረጊያ ጠርገው ሁለት ባልዲ ሞሉ። ከስድስቱ ቀፎ አንድም አልተረፈም። እያለቀሱ ወደ ጎረቤታቸው በር ሲመጡ ክቡር ኃላፊው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ፤ የረጨው የእህቴ ባል ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብለው መለሷቸው። ሰፈሩም ይህን ለማመን ምስክር አላስፈለገውም። ንብ መርዙ የሚል አዲስ ቅጽል ያወጣባቸው ሰው ዛሬ ከመካከላችሁ ቆሞ አለ፤ ስሙን የማንጠራው ለእርሱ ስንል ሳይሆን ሟች ስም ማጥፋት ስለማይወዱ ነው።

ሟች በዚያው ቀን ሄደው አጥሩን አሸተቱ፤ ከጓሮው ቧንቧ ሥርም የጥጡን መርዝ ቆርቆሮ አገኙ። ወደ ቤታቸው ይዘውት መጥተው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ባለቤታቸው ሁሉን ተረዱ። ወንድማቸው ለሹመት የታጩበት ወር ነበር፤ ያለ ፈቃድ የእርሻ መርዝ በሰፈር መርጨት ደግሞ የሚያስከስስ ጥፋት ነው። ባለቤታቸው ስለ እኔ ብለህ ሆድ ይፍጀው በል ብለው ለመኗቸው። በሁለተኛው ቀን፣ ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ለጥያቄ ሲጠራቸው፣ ሟች ጫማቸውን እያሰሩ እንዲህ አሉ፦

«ስሜን ለወንድምሽ አውሼዋለሁ። ሹመቱን ሲጨርስ ይመልስልኝ።»

ኮሚቴው ፊት ቀርበው አንድ ቃል ሳይናገሩ ፈቃዳቸውን አስረክበው ወጡ። ክቡር ኃላፊው ተሾሙ፣ ሌላም ሹመት ጨመሩ፣ በክብርም ጡረታ ወጡ፤ የተዋሱትን ስም ግን አልመለሱም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ቤት አሥራ አንድ ዓመት አደረ፣ አልጠራም። አዋላጂቱ ሟችን መንገድ ላይ ሲያገኙ ፊታቸውን አዞሩ። ሟችም ሌላ ሙያ ስላልነበራቸው ለአንዴ ጨርሱ ተቀጥረው የመርጫ ዕቃ አጣቢ ሆኑ፤ እርሱ የደፈነውን የመርጫ አፍንጫ ሲጠርጉ፣ እርሱ በለስላሳ ጠርሙስ ያስቀመጠውን መርዝ ልጅ እንዳይጠጣው ወደ ዕቃው ሲመልሱ፣ የተጻፈውን መጠን ሲያነቡለት ኖሩ። በዚያ ሰፈር ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይመረዝ የቀረው በማን ጥበቃ እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

ሕመማቸውን በተመለከተም፣ የረጨው መርዝ ዞሮ ገደለው እያላችሁ ከትናንት ጀምሮ በየጥጉ የምትንሾካሾኩ፣ ድካማችሁን ተዉት። የሐኪሞቹ ወረቀት የሚለው የልብ ድካም ነው፤ በጓንት፣ በጭምብልና በሳሙና አርባ ዓመት ሙሉ ራሳቸውን የጠበቁ ሰው ናቸው። ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤታቸው ውሃ ሊያመጡላቸው ወጥተው ሲመለሱ፣ ትራሳቸው ላይ ቀና እንዳሉ አርፈው ተገኙ። በሕመማቸው ጊዜ ስለዚያ አጥር አንድም ቀን አላነሱም፤ ባለቤታቸውን ከሁሉ የጎዳቸውም ይኸው ነው።

ትናንት ከቀትር በኋላ ክቡር ኃላፊው ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ይህ ጽሑፍ ተነበበላቸው። የአጥሩ ታሪክ እንዲወጣ ለመኑ፤ ለቀብር አይመችም፣ ሰው ምን ይላል አሉ። የሟች ባለቤት የመለሱላቸው ይህን ነው፦

«እሱ አሥራ አንድ ዓመት ዝም ብሎልሃል። አንተ ሩብ ሰዓት ዝም ብለህ ስማ።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና፣ ያልመለሱትን ስም ዛሬ እኛ አፈሩ ሳይመለስ ወስደን ለባለቤቱ አስረክበናል። ጡረተኛዋ አዋላጅ እዚህ መጥተው ከሆነ ይህን ለእርሳቸው እንዳነበብነው ይቁጠሩልን፤ ካልመጡ ደግሞ አንባቢዋ ልጅ ጽሑፉን ይዛ ዛሬውኑ ቤታቸው ድረስ ትሄዳለች። የሟች ባለቤት ስለ ራሳቸውም አንድ ነገር እንዲጻፍ አዘዋል። ክቡር ኃላፊው ዋሹ፣ ሰፈሩም አመነ፤ ቆርቆሮውን አይተው፣ እውነቱን አውቀው፣ ባላቸውን ዝም ያሰኙት ግን እርሳቸው ናቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ባለቤታቸው ከሁሉ የናቁት ሰው ማን እንደሆነ ለሚጠይቅ መልሱ ይህ ነው።

ሟች ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት ታናሽ እህታቸውንና የባለቤታቸውን ወንድም ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ እያወቅን ዝም ያልነውን ግን በቶሎ አያሳርፈን።