ያልተሰበረውን የሚጠግን

ዓይን ሐኪም ቤት ሄዶ የማያውቅ ሰው ያቺ ጠብታ የምትሠራውን ሥራ አያውቅም። ነርሷ ሁለት ጊዜ ታንጠባጥብና "ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ" ብላ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ፊደል የሚባል አይነበብም፣ ስልክ አይታይም፣ የመስኮቱ ብርሃን ራሱ ጠላት ይሆናል። ያን ቀን ጋዜጣዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ጆሮዬን ብቻ ይዤ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ክርክር መስማት ልማድ ሆኖብኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚከራከረኝ ሰው ስለሌለ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሐኪም ቤት መምጣቱን ወድጄው ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት፣ ጠብታው ገና ያልደረሳቸው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያ በር ዘመም ብሏል ወይስ ለእኔ ብቻ ነው?"

"ዛሬ እኔን አይጠይቁኝ፤ ለእኔ በሩም የለም" አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። ጨዋታ የጀመርነው በዚህ ነው። ሰዓት ሠሪ ናቸው። ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ቦታ፣ አርባ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ከሦስት ዓመት በፊት የቀኝ ዓይናቸው ሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ሆኖ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ትንሽ ተቀዶ በጨረር ተዘግቶላቸው ነበር። በሦስት ወራቸው እንዲመለሱ ቢነገራቸውም አልተመለሱም።

"ምነው?" አልኩ።

"ባለቤቴ ታመመች። እሷን ሳስታምም የኔ ተረሳ። ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። አሁን የተቀደደበት ላይ ጠባሳ ወጥቷል አሉኝ፤ ነገ ሊያነሱልኝ ነው።"

"ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?"

"ከሰዓቶች ጋር። በቀን የማወራው 'መቼ ይደርሳል?' ከሚለኝ ደንበኛ ጋር ብቻ ነው። እሱም እየቀነሰ ነው።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም፤ የለመዱትን ነገር እንደሚናገር ሰው ነበሩ። የከበደኝም እሱ ነው፤ ብቸኝነትን መልመድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁና።

በብዥታዬ ውስጥ ነጭ ካፖርት የለበሰች ወጣት ሴት መጣች። ቀና ብለው እንዳያዩዋት ብላ ዝቅ ያለች በርጩማ ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። ይህ ደስ አለኝ፤ የተማረ ሁሉ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አያውቅበትም።

"አባባ፣ እንዴት ዋሉ? የላቦራቶሪ ተመራማሪ ነኝ። ነገ ሐኪሙ ከዓይንዎ የሚያነሳው ጠባሳ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ይጣላል። እርስዎ ከፈቀዱ ግን ወስደን እናጠናዋለን። ባይፈቅዱም ሕክምናዎ አይነካም።"

"አልፈቅድም።"

"ምክንያትዎን መጠየቅ እችላለሁ?"

"ትችያለሽ፤ ለጥያቄ ምን ገዶኝ። ከኔ የወጣ ነገር ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ የሰው መጫወቻ እንዲሆን አልፈልግም።"

"ካልወሰድነው እኮ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚገባው።"

"ይግባ። ቆሻሻ ውስጥ የገባን ነገር የሚያየው የለም።"

በልቤ "ይህስ ክርክር አይባልም" አልኩ፤ ስንት ግትር ተከሳሽ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ነገር ግን ሽማግሌው አልጨረሱም ነበር።

"ሌላም አለ፣ ልጄ። ባለቤቴ ስትታመም ከጉበቷ ቆንጥረው ወሰዱ። 'ለምርመራሽም ለጥናትም ነው' አሏት፤ እሷም ፈረመች። ማን ተመልሶ መጥቶ 'ይህን አገኘን' አለን? ወይም 'ምንም አላገኘንም'? እሷ አለፈች፤ እኔም እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ።"

ወጣቷ ብዕሯን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። "ለዚህ መልስ የለኝም" አለች። በችሎት "መልስ የለኝም" የሚል ብርቅ ነው፤ ከዚህ በኋላ እኔ ለእሷ አደላሁ።

ሽማግሌውም ለዘብ አሉ። "ለመሆኑ ምኑን ነው የምታጠኑት?"

"ዘረመሉን። በጠባሳው ውስጥ የትኛው ዘረመል ሥራ ላይ እንዳለ፣ የትኛው እንደተኛ።"

"ዘረመል ከአባት የሚወረስ አይደል? አባቴ እስኪሞት መርፌ በጨለማ ያገኝ ነበር።"

"የተወረሰው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ ነው፣ አባባ። በሰውነትዎ ያለ ህዋስ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት የሥራ መመሪያ ይዟል፤ የቆዳውም፣ የዓይኑም። ግን ሁሉም ሁሉንም ገጽ አያነብም፤ የየሥራውን ገጽ ብቻ ነው። ቁስል ሲመጣ 'ጠግን' የሚለው ገጽ ይከፈታል። ያኔ ህዋሶቹ ክር የመሰለ ነገር ያመርታሉ፣ ይጎትታሉ፣ ያገጣጥማሉ። እጅዎ ቢቆረጥ ይህ ደግ ነው። ዓይን ውስጥ ግን ያ ክር ሬቲናውን ይጨመድደዋል።"

"ቀዳዳው ተዘግቷል። ለምን አያቆሙም ታዲያ?"

"እሱን ነው በደንብ የማናውቀው። ገጹን ከፍቶ የያዘው ምን እንደሆነ ካወቅን ምናልባት አንድ ቀን ያለ ቢላ መዝጋት ይቻል ይሆናል። ለእርስዎ አይደርስም፤ አልዋሽዎትም። ለሌላ ሰው ነው።"

ከዚያም ከማህደሯ ትናንሽ ካሬ የተሰመረበት ወረቀት አወጣች። "ግራ ዓይንዎን ይሸፍኑና መሃሉን ይመልከቱ። መስመሮቹ እንዴት ናቸው?"

"መሃል ላይ ጎብጠዋል።"

"ወረቀቱ ላይ ቀጥ ያሉ ናቸው።"

ሽማግሌው እጃቸውን ከዓይናቸው ላይ አላነሱም። ነርሷ የሌላ ሰው ስም ጠራች፤ ሰውየው ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

"ይህ ከጀመረኝ ስንት ጊዜ ይሆነኛል?"

"ከዓይንዎ ፎቶ ስንገምት ሁለት ዓመት ያልፈዋል።"

"ማጉያ መነጽሬን የማደርገው በዚህ ዓይን ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ሁለት ዓመት ሙሉ የሚመጣልኝ ሰዓት ሁሉ ቆጣሪው ጎብጦ አየው ነበር። 'የዛሬ ፋብሪካ ሥራ አያውቅም' እያልኩ ባለቤቱ ሳይጠይቀኝ፣ በነጻ፣ በወረንጦ አቀናለታለሁ። ከዚያ ደንበኛው ይመለሳል፤ ደቂቃ ቆጣሪው ከሰዓት ቆጣሪው ጋር እየተያያዘ ቆመብኝ ይላል። እኔ ደግሞ 'አያያዝ አታውቅም' ብዬ እሰድበዋለሁ። ደንበኞቼ ሲቀሩብኝ ዘመኑ ነው አልኩ፤ ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ነው አልኩ።" ወደ እኔ ዞር አሉ። "ቀጥ ያለውን ነው እኮ ያጎበጥኩት፣ ወንድሜ።"

"ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም" አልኳቸው።

"የሚያርመውም የለም" አሉ።

ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱና ቀና አሉ።

"እንግዲህ የኔ ህዋሶች ከኔ በምን ይሻላሉ? እነሱም ሥራ ወዳድ ናቸው፤ ያልተሰበረውን ይጠግናሉ፤ የሚያቆማቸው የለም። ቅጹን አምጪው፤ እፈርማለሁ። አንድ ሰው ይጠይቃቸው። ግን ተመልሰሽ ትነግሪኛለሽ።"

"አባባ፣ ናሙናው በቁጥር ነው የሚመዘገበው። አሠራራችን ውጤት ለአንድ ሰው ለይቶ አይመልስም።"

"ሚስቴም አሠራራችሁን አክብራ ነው የሞተችው።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ እንደምገምተው በዚያች ሰዓት ክርክሩ ሁለት ተረቺ ነበረው። "የእርስዎን ብቻ ነጥዬ መንገር አልችልም" አለች በመጨረሻ። "ከሰዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ያገኘነውን ግን ሱቅዎ ድረስ መጥቼ እነግርዎታለሁ። ምንም ባናገኝም መጥቼ 'ምንም አላገኘንም' እልዎታለሁ። አለቃዬንም አሳምናለሁ፤ ለሰጠን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው መሆን ያለበት።"

"ጻፊውና እፈርማለሁ።"

በቅጹ ኅዳግ ላይ ጻፈች። እሳቸውም ፈረሙ።

ከስምንት ወር በኋላ ያቺን ሱቅ ፈልጌ ሄድኩ። ሰዓቴ ደህና ነበር፤ ሰበብ ይሆነኛል ብዬ ነው የያዝኩት። ስደርስ ያቺ ወጣት የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትናገር አገኘኋት። ቃሏን ጠብቃለች። በሠላሳ አራት ሰዎች ጠባሳ ውስጥ ክር የሚያመርቱት ዘረመሎች ነቅተው፣ ህዋሶቹ ድሮ ይሠሩባቸው የነበሩት ደግሞ አንቀላፍተው እንዳገኟቸው አስረዳቻቸው።

"መድኃኒት ነው?" አሉ።

"ገና አይደለም። የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለብን ግን አወቅን። ከአሁን በኋላም ለሰጠን ሁሉ ውጤቱን እንድንናገር ተወስኗል፤ እርስዎ ያስጻፉት ነው መነሻው።"

"ደግ ነው" አሉ ሰዓት ሠሪው፤ ደጋግመው "ደግ ነው" አሉ። የቀኝ ዓይናቸው እንደ ጥንቱ ባይሆንም መስመሩ ቀንቶላቸዋል። የሱቁ መስታወት ላይ ያን ካሬ የተሰመረበት ወረቀት ለጥፈዋል። ሰዓት ይዞ የሚመጣውን ሁሉ መጀመሪያ አንድ ዓይኑን፣ ቀጥሎ ሌላውን አስሸፍነው ያሳዩታል። ሁለት ሰው ሐኪም ቤት ልከዋል፤ አንዷ በጊዜ ደርሳ ዓይኗ ተርፎላታል። ሰዓት ያበላሹባቸውን ደንበኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ይቅርታ ጠይቀው ቆጣሪውን ያቀናሉ። አንዳንዱ ይቆጣቸዋል፤ አብዛኛው ሻይ ያቀርብላቸዋል። ከሱቅና ከቤታቸው አልፈው ሰው ቤት ከገቡ ስንት ዘመናቸው ነው።

"የቀረ ደንበኛ አለ?" አልኳቸው፤ ለጨዋታ ያህል።

መሳቢያውን ከፈቱና በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ የሴት ሰዓት አወጡ።

"የሷ ናት። ታማ ሳለች ቆጣሪው ጎብጧል ብዬ አቀናሁላት። 'ደህና ነበረች እኮ፤ ከነካሃት ወዲህ ነው የምትቆመው' አለችኝ። 'አንቺ ደግሞ ስለ ሰዓት ምን ታውቂያለሽ' አልኳት። ከዚያ ወዲያ አላሰረቻትም። ትናንት ነው ደፍሬ በማጉያው ያየኋት፤ እውነቷን ነበር። አቃናኋት፣ ትሠራለች። 'ልክ ነበርሽ' የምላት ሰው ግን የለችኝም።"

ወጣቷ እጃቸውን ያዘች። እኔ ደህና የሆነውን ሰዓቴን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ቆምኩ።

አንባቢዬ ሆይ፣ አሁን አንድ ዓይንህን ሸፍነህ ይህን መስመር አንብብ፤ ቀጥለህም በሌላው። ጎብጦ ከታየህ ማተሚያ ቤቱን አትውቀስ፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ተመለስ ባሉህም ቀን ተመለስ። ከአንተ የሚጣለው ለሌላው የሚጠቅም ከሆነ አትንፈግ፤ የወሰደውም ያገኘውን መጥቶ ይንገርህ። ቤትህ ውስጥ "ቀጥ ያለ ነው እኮ" የምትልህ ሰው ካለች ደግሞ፣ ሳይመሽ "ልክ ነሽ" በላት።