ተረጂ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ጡረታ ሲወጡ

ጋሼ እዚህ መሥሪያ ቤት የመጡ ቀን እኔ አልተወለድኩም። ስለዚህ ያየሁት ነገር የለም፤ ከሰማሁት ግን አልቀንስም።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ነው። ጋሼ የሥራ ማመልከቻቸውን በኪሳቸው ይዘው መጡ። ኮሪደሩ ላይ ከገጠር እርዳታ ፍለጋ የሚመጡ ሰዎች ተራ የሚጠብቁበት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ዛሬም አለ። ጋሼ መጨረሻው ላይ ተቀመጡ። አንዲት አራስ መጣች፤ "ይቅደሙ" አሏት። አንድ ሽማግሌ መጡ፤ "ይቅደሙ"። እንዲህ እያሉ ሦስት ቀን ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊያችሁ፣ እዚያ ጥግ ፊታቸውን ሸፍነው የሚስቁት፣ አዘኑላቸውና ጠሯቸው።

"ስንት ቤተሰብ አለዎት?"

"ስድስት።"

"መሬትስ?"

"የለኝም።"

"እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

ሁለት ብርድ ልብስና አንድ አካፋ ተሰጣቸው። ተረጂ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኑ። ብርድ ልብሱን ታቅፈው ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው፣ "እህ፣ ተቀጠርክ?" አሏቸው። "ተስፋ አለው" አሉ።

ከወር በኋላ አንድ ሠራተኛ አካፋው ምን እንደጠቀማቸው ሊጠይቅ ቤታቸው ሄደ። አካፋው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማመልከቻውም በዚያው ሚስማር። "ታዲያ ሥራ ፈልጌ ነው የመጣሁት ለምን አላሉም?" ቢላቸው፣ "ማን ጠየቀኝ?" አሉት። በነጋታው ተቀጠሩ። ስማቸው ግን ከተረጂዎች መዝገብ እስከ ዛሬ አልተሰረዘም። ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ብዙ ሸኝታችኋል፤ ጡረታ የሚወጣ ተረጂ ስትሸኙ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አሁን፣ ይሄ ተማሪ እዚህ ምን ይሠራል የምትሉ አላችሁ። ይህን ንግግር የማድረግ ተራው የእህቴ ነበር። ከጋሼ ጋር አምስት ዓመት ገጠር ለገጠር ዞራለች። ጡረታቸው ሦስት ዓመት ሲቀረው ጀምራ፣ "ሽኝቱ ላይ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይነካብኝ" ትል ነበር። ደብተሯ ጀርባ ላይ "የጋሼ ጉዶች" የሚል ዝርዝር አላት። ከሞተች ስምንት ወሯ ነው። ደብተሩን ጸሐፊያችሁ ቤት ድረስ አመጡልን። አነበብኩት፤ እነሆ ቆምኩ።

አንድ ጉዳይም አለኝ፤ እንዳትጨነቁ አስቀድሜ ልናገር። ጋሼ ሰኞ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ይሄዳሉ፤ ሩቅ ነው። ከዚያ በፊት እናቴ ቤታችን እንዲመጡላት ትፈልጋለች፤ የምትጠይቃቸው ነገር አለ። እሳቸው ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ በራችንን አልፈው አልገቡም። እመለስበታለሁ። እስከዚያው ሾልከው እንዳይወጡ ለዘበኛው በሩ ጋ ወንበር ሰጥቻቸዋለሁ።

የጋሼን ሕግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ የደኸየው ሳይናገር እሳቸው አይናገሩም። መኪና ውስጥ እንደሆነ ሹፌሩ ይመስክር፤ ከዚህ ተነሥተው እስኪደርሱ ሲያወሩ አንድ ጊዜ እንኳ ትንፋሽ አይወስዱም። መንደሩ ሲታይ ግን አፋቸው ይቆለፋል።

ደብተሩ ሁለተኛ ገጽ ላይ አንድ ስብሰባ አለ። የውሃ ጉድጓድ የት ይቆፈር የሚል። ጋሼ ዛፍ ሥር ተቀመጡና፣ "ከሁላችሁም የደኸየው ሰው ይጀምር" አሉ። መንደሩ ያን ቀን ተወዳድሮ ደኸየ። መጀመሪያ የተነሡት ባለ አራት ላሙ ናቸው፤ "አራት ላም ያለው ሰው አራት ሐሳብ አለው፤ ድሃስ እኔ ነኝ" አሉ። ሌላው ጫማውን አውልቆ ጎረቤቱ ሥር ደበቀና በባዶ እግሩ ቆመ። ጎረቤትየው፣ "አንተ፣ ጫማህን አንሣልኝ፤ ባለ ሁለት ጥንድ ልታስመስለኝ ነው?" አለ። በዚህ ተጣሉ። የመንደሩ አስተማሪ ሳይወዳደር በሙሉ ድምፅ ሦስተኛ ወጣ።

ጋሼ ዝም። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እህቴ ናት፤ የጻፈችውን እንዳለ ላንብብ፦ "አራት ሰዓት፣ ዝምታ። አምስት ሰዓት፣ ዝምታ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት አህያ አስተያየት ሰጠች፤ ጋሼ እንደ ንግግር አልቆጠሩላትም።"

በመጨረሻ ከመንደሩ ዳር የሚኖሩ አንዲት እማማ እንዳሉ ትዝ አላቸው። ለሰው ውሃ እየቀዱ የሚተዳደሩ ናቸው፤ ለስብሰባው የጠራቸው የለም። ሰው ተልኮ መጡ። "እኔ ደግሞ ምን እላለሁ፣ ሰው የሚለውን ልስማ" ብለው ጥግ ያዙ። ጋሼ ዝም። ሰዉም ዝም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ እማማ ጋሼን አዩና፣ "ኧረ ይህን ሰውዬ ውሃ ስጡት፣ ከንፈሩ ደርቋል" አሉ። ውሳኔ ቁጥር አንድ ይኸው ነው፤ ማኅተም አርፎበታል። ጋሼ ጠጡ። ከዚያ እማማ፣ "እናንተ ያሰባችሁት ቦታ በበጋ ይደርቃል። ሃያ ዓመት የቀዳሁላችሁ እኔ ነኝ። ከትልቁ ድንጋይ በታች ቆፍሩ" አሉ። ያ ጉድጓድ እስከ ዛሬ አልደረቀም።

ሕጉን ቢሮም ካመጡት ቆይቷል። የሠራተኛ ስብሰባ ላይ ዘበኛው ሳይናገሩ ሥራ አስኪያጁ አይናገሩም። ዘበኛው ደግሞ ያላቸው አጀንዳ አንድ ነው፤ "የግቢው በር ማጠፊያ ላልቷል።" አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስብሰባው በማጠፊያ ተከፈተ። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ማጠፊያው ተጠገነ። በሚቀጥለው ሰኞ ዘበኛው ተነሡ፣ አሰቡ፣ ተቀመጡ። ጋሼ ዝም። አንድ ሰዓት አለፈ። ሥራ አስኪያጁ፣ "አንድ ጊዜ ሽንት ቤት" ብለው ወጡና እጃቸው ዝገት ነክቶ ተመለሱ። ዘበኛው በመስኮት አዩ። "በሩ ወድቋል" አሉ። ስብሰባው ተጀመረ።

ሥራ አስኪያጁ፣ ይቅርታ። ደብተሩ ላይ ነው ያለው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ጋሼ፣ እርስዎን ነው የማናግረው።

እህቴ የሞተች ቀን ምን እንደሆነ ሹፌሩ ነግሮናል። እርስዎ አንድ የሚንተባተቡ የቀን ሠራተኛ እስኪናገሩ እየጠበቁ ነበር። እህቴ፣ "እኔ ወንዙን ተሻግሬ ቀጣዩን መንደር ልሰብስብ" አለችዎ። በእጅዎ "ሂጂ" አሏት። እናንተ ያላችሁበት ጠብታ የለም፤ ላይኛው አገር ግን ዘንቦ ነበር። ደራሽ ውሃ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ እርስዎ ቀድመው ይናገራሉ አሉ፤ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ሠራተኛው በሰዓቱ ምሳ መብላት ጀምሯል፤ ማንም ግን አልተደሰተም። ቤታችን አጥር ጋ ሦስት ጊዜ መጥተው ተመልሰዋል። በመስኮት አይቻለሁ። በሦስተኛው ጎረቤታችን የውሃ ቆጣሪ የሚያነቡ መስለዋት በሯን ከፍታ ጠብቃዎታለች። ቆጣሪዋ አሁንም አልተነበበም ብላ ታማርራለች።

እህቴ ስለዚያ የጉድጓድ ስብሰባ መጨረሻው ላይ የጻፈችው ሦስት መስመር አለ፦ "ዛሬ ጋሼን አንቄ ልገድላቸው ነበር። ከዚያ እማማ ተናገሩ። እስካረጅ የምሠራው ይህንን ሥራ ነው።" እስክታረጅ አልሆነላትም። ግን የወደደችውን ሥራ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። ቤት ስትመጣ ስለ ሌላ ነገር አታወራም ነበር፤ እራት ላይ የእርስዎን ዝምታ እያስመሰለች አባቴን ጨው ማቀበሉን እስኪረሳ ታስቀው ነበር። ለዚህ ነው የማመሰግንዎ። እኔ ነኝ የማመሰግነው፤ ማንም ጻፍ አላለኝም።

እናቴ በማን ጥፋት ሞተች ብላ አትጠይቅዎትም። ወንዝ ነው። የምትጠይቅዎት ሌላ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ቁርስ በልታ ነበር ወይ? መኪና ውስጥ ምን አወራች? ስትሄድ ዞራ አየች ወይ? ሹፌሩን ጠየቅነው፤ "ጋሼ ሲያወሩ እኔ መንገድ ነው የማየው፣ ጋሼ ያውቃሉ" አለን። እማዬ ይህን ሳትሰማ እርስዎ ሰኞ ከሄዱ፣ ማንም የሚነግራት የለም።

እንግዲህ ወደ ብርጭቆው። ቆዩ፣ እናንተ ገና አታንሡ። መጀመሪያ ጋሼ ብቻ። ይህን ብርጭቆ የሚያነሣ ሰው ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤታችን ይመጣል። ሁላችሁም ካነሣችሁ ወንበር አይበቃንም።

ጋሼ፣ ጉልበትዎ ይጽናልዎ። ልጅዎ ቤት ጠዋት የሚቀሰቅስዎ አይኑር። የልጅ ልጆችዎ ይጥገቡዎ፣ ጡረታው ረጅም ይሁን፣ ጤናውም አብሮት ይርዘም። እኔ ማክሰኞ ፈተና አለብኝ፤ ነገ ግን አላጠናም፣ አብሬያችሁ እቀመጣለሁ።

ሎሚናዳ ነው ጋሼ፣ አይከብድም።

...

አነሡ። ሁላችሁም አያችሁ።

በሉ አንሡ። ለጋሼ ጤና። ነገ፣ ዘጠኝ ሰዓት።