ለጥቅምት የተባለው አግዳሚ

ከገበያ ወደ ባሮ ዳር በሚሄደው ባጃጅ ውስጥ አንዲት ሴት የቫርኒሽ ቆርቆሮ ታቅፋለች። አጠገቧ መጋዝ የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከጥግ ነኝ።

«ጋሼ፣ አናጢ ነዎት መሰል። ደጅ የሚውል አግዳሚ ወንበር አሁን ቢቀባ ምን ይላል?»

«በመጋቢት? ተይው። በዚህ ሙቀት ቫርኒሹ እንጨቱ ውስጥ ሳይገባ ላይ ላዩን ይደርቅና ይላጣል።»

«ክረምትስ?»

«ክረምት እንጨቱ እርጥብ ነው፣ አይዝም። ደጉ ጥቅምት ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ ፀሐዩም ገና አልከረረም።»

«አባቴም እንዲሁ ይል ነበር። አግዳሚው የእሱ ነው፤ እሱም አናጢ ነው።»

«ታዲያ እያወቀ ለምን ሳይቀባው ቀረ?»

«ጥቅምት ሲመጣ የሰው በርና መስኮት ሲቀባ ይከርማል። የራሱ አግዳሚ ሁሌ ለከርሞ ነው።»

«የእኔም ቤት እንደዚያው ነው።»

«አሁን ታሟል። ቤቱ ይሞቀኛል ብሎ እዚያው አግዳሚው ላይ ይውላል። ጥቅምትን የሚያይ አይመስለኝም።»

ሽማግሌው መጋዛቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ነገ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ እመጣለሁ። አግዳሚውን ጥላ ስር አድርጊልኝ።»

«ይላጣል አላሉም?»

«ይላጣል። በጥቅምት መጥቼ እደግመዋለሁ።»

እኔ በባጃጁ ጎን አንገቴን አውጥቼ ሰማዩን አየሁ፤ አንድም ደመና አልነበረበትም፤ ክረምቱ እንኳ ገና አልገባም።