ጋሽ ጣሃና ጭስ አልባዋ መኪና

የናፍጣ እጥረቱ በበረታበት ሰሞን ወደ ሰመራ የሚወስደኝ መኪና ፍለጋ ሎጊያ ማደያ አጠገብ ቆሜ ነበር። የተሳቢው ሰልፍ ማደያውን አልፎ ጋራዦቹ ድረስ ተዘርግቷል። ከሰልፉ መካከል ጋሽ ጣሃን አገኘኋቸው። ከወሎ መጥተው በዚሁ መስመር ሚኒባስ ሲነዱ ያረጁ፣ የሞተር ድምፅ ሰምተው ሕመሙን የሚናገሩ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን ጭንቅ ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ሃፍሳ አስም ተነሥቶባቸው ጋቢና ውስጥ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ከፊት የቆመው ተሳቢ ጭሱን ይለቅባቸዋል።

«ሐኪም ዘንድ ላደርሳት ነበር፤ ጠብታ ናፍጣ የለኝም» አሉኝ።

ወዲያው አንዲት ነጭ መኪና ያለ ድምፅ መጥታ አጠገባችን ቆመች። የምትነዳት ሰመራ ቴክኒክ ኮሌጅ የአውቶ መካኒክ መምህርት የሆነችው ኑሀሚን ነበረች።

«ጋሽ ጣሃ፣ እኔ ላድርሳችሁ።»

«አላህ ይስጥሽ ልጄ። ግን በባትሪ የሚሄድ ነገር መሐል መንገድ ቢቆምስ? በዚህ ሐሩር ቢፈነዳስ?»

እትዬ ሃፍሳ እያቃሰቱ «ጣሃ፣ ክርክሩን መኪናው ውስጥ ትጨርሰዋለህ። በሩን ክፈት!» አሉ።

ሚኒባሱን ሰልፉ ላይ ትተን ሁላችንም ገባን። ጋሽ ጣሃ ጆሯቸውን አቀኑና «ሞተሩን አታስነሺውም?» ሲሉ ጠየቁ።

«እየሄድን ነው እኮ!»

በመኪናዋ ቅዝቃዜ ውስጥ የእትዬ ሃፍሳ ትንፋሽ ጥቂት ረገብ አለ። ኑሀሚን ቀጠለች፦ «የሙቀቱ ነገር እውነት ነው፤ ሐሩር ባትሪን ይጎዳል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ያለው ባትሪ መምረጥ፣ ጥላ ሥር ማቆም፣ አየሩ ሲበርድም ቻርጅ ማድረግ ነው።»

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉ ጋሽ ጣሃ።

«ይጠፋል። እኔም እስኪያልቅ አልጠብቅም፤ ባገኘሁ ጊዜ እሞላለሁ። ያ ከፊታችን የሚመጣው የነዳጅ ቦቴ ግን ከባሕር ማዶ የተገዛ ነዳጅ ለማድረስ ራሱ ነዳጅ ያቃጥላል። የእኔዋ ኃይል ባመዛኙ ከገዛ ወንዞቻችን ነው።»

«እና ተሳቢው ሁሉ በባትሪ ጅቡቲ ሊወርድ ነው?»

«ለረጅሙ መንገድ ቻርጅ ማድረጊያው ገና አልበቃም። የሎጊያና የሰመራ ምልልስ ግን አጭር ነው።»

ጋሽ ጣሃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ የማውቀው የናፍጣ ሞተር ነው፤ ይህ ከመጣ እጄ ምን ይሠራል?»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነበር። ሰው አዲስ ነገርን የሚሸሸው ብዙ ጊዜ ስለጠላው አይደለም፤ የለፋበት ዕውቀት ከንቱ እንዳይሆንበት ፈርቶ ነው።

«ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መሪው ያው ነው» አለች ኑሀሚን። «የቀረውን ኮሌጃችን ይምጡና አብረን እንየው።»

ሰመራ ደርሰን ሐኪሙ ለእትዬ ሃፍሳ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥቷቸው ሲያገግሙ «ቤታችሁ አካባቢ ጭስ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ጣሃ አንገታቸውን ደፉ። «በየማለዳው ሞተር የማሞቀው መስኮቷ ሥር ነው» አሉ። «ያ ረቢ! የማሳክማትም በመኪናዬ፣ የማሳምማትም በመኪናዬ ነበር ለካ!»

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ኮሌጁ ድረስ እየሄዱ ተማሩ፤ የሚኒባስ ማኅበራቸውን ሰዎችም አሳመኑ። ዛሬ በመስመሩ የእሳቸውን ጨምሮ የኤሌክትሪክ ሚኒባሶች ይመላለሳሉ። ሹፌሩ ቀኑን በሰልፍ አይፈጅም፤ የሞተር ዘይትና የነዳጅ ፊልትሮ መለወጥ ቀርቶለታል፤ ተሳፋሪውም ከጭስ ድኗል። የእትዬ ሃፍሳ አስም ጨርሶ ባይለቃቸውም፣ እንደ ድሮው አያጣድፋቸውም። ከሱብሂ ሶላት በኋላ መስኮታቸውን ይከፍታሉ፤ ባላቸው ወደ ሥራ መውጣታቸውንም የሚያውቁት ግቢው ባዶ ሆኖ ሲያዩት ነው።