ሙሉ ሆና የወጣች ወረቀት

ዛሬ ለመሸኘት የተሰበሰብንላቸው ሰው በሕይወት ሳሉ ስለ ራሳቸው ብዙ መናገር የማይወዱ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሕመማቸው በጠና ጊዜ የኑሯቸው ታሪክ እንዲጻፍ ፈቅደው፣ ከታሪኩም አንዱን ክፍል ማንም በይሉኝታ እንዳያስቀረው አደራ ብለዋል። በአደራው መሠረት የተጻፈውን፣ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና ደንበኞቻቸው የነበራችሁ ሁሉ፣ በትዕግሥት እንድታዳምጡ እንለምናለን።

የተወለዱት ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ በነበረች፣ ግድግዳዋ ከዱቄት ብናኝ የተነሣ ሁልጊዜ ነጭ በሆነች ክፍል ውስጥ ነው። አባታቸው የወፍጮውን ሞተር የሚያስነሡና የሚጠብቁ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ ክር ቀለም ነክረው የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ከተወለዱላቸው አምስት ልጆች ያደጉላቸው እሳቸውና ታናሽ እህታቸው ብቻ ናቸው። ገና በልጅነታቸው፣ በጨዋታ መካከል ሆነው እንኳ የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ከአባታቸው ቀድመው ያውቁ ስለነበር «ጆሮ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው፤ ስሙም አብሯቸው አድጎ ጎልማሳ ሲሆኑ «ጋሼ ጆሮ» ተባሉ።

ትምህርታቸውን እስከ አራተኛ ክፍል እንደተከታተሉ፣ አባታቸው በወፍጮው ቀበቶ እጃቸው ተጎድቶ ከሥራ በመውጣታቸው፣ ደብተራቸውን ዘግተው አንድ ጋራዥ ገቡ። የጋራዡ ባለቤት ጥብቅ ሽማግሌ ስለነበሩ ዓመት ሙሉ ካንዴላ በቤንዚን ከማጠብ በቀር ሌላ ነገር አላስነኳቸውም። ከዚያ በኋላ ግን፣ ሞተር ሳይክል አልነሣ ሲል ወይም ሲነሣ ወደ ኋላ ሲራገጥ ችግሩ በተራ እንደሚፈለግ፣ መጀመሪያ ካንዴላው፣ ቀጥሎ ሽቦው፣ ከዚያም ፑንቲናው እንደሚታይ፣ ሁሉም ተመርምሮ ሳያልቅ ባለ ሞተሩን አዲስ ዕቃ ግዛ ማለት ነውር እንደሆነ አስተማሯቸው።

ፑንቲና ማለት በአሮጌ ሞተሮች ውስጥ ያሉ፣ እየተገናኙ የሚለያዩ ሁለት ትናንሽ የብረት አፎች ናቸው። በተለያዩባት ቅጽበት ካንዴላው እሳት ይሰጣል፤ ቅጽበቷ ከቀደመች ሞተሩ ይራገጣል፣ ከዘገየች ደግሞ ይግላል፣ ጉልበትም ያጣል። በመካከላቸው ባዕድ ነገር ገብቶ ጨርሶ ካልተገናኙ ግን እሳትም የለም፣ መንገድም የለም። ጋሼ ጆሮ ቅጽበቷን የሚያገኟት በሁለቱ አፎች መካከል ስስ የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት አስገብተው፣ በአንድ እጃቸው ወረቀቷን በቀስታ እየሳቡ፣ በሌላው የሞተሩን መሽከርከሪያ እያዞሩ ነበር። ወረቀቷ ተይዛ ቆይታ ስትለቀቅ፣ መሽከርከሪያው ላይ የተቀረጸው ምልክት ቦታው ላይ ከደረሰ ሥራው አልቋል፤ ካልደረሰ ግን ብሎኑን አላልተው እንደገና ይጀምራሉ። ሲጋራ አፋቸውን ነክቶ ስለማያውቅ፣ ወረቀቱን ሊገዙ በሄዱ ቁጥር ባለ ሱቁ «ጋሼ፣ ዛሬም የሚያጨሰው ሞተሩ ነው?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከአንድ የውኃ ታንከር ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ተከራይተው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚያ ነው። ባለቤታቸው ፊት ለፊት ባለው ቤት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጋሼ ጆሮ የስፌት መኪናቸውን አንድ ጊዜ ካስተካከሉላቸው በኋላ መኪናው በየሳምንቱ መበላሸት ስላበዛ፣ ከሁለቱ ሰዎች በፊት ነገሩ የገባው ጎረቤቱ ነበር። ተጋብተውም ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በሠላሳ አምስት ዓመታቸው የደረሰው ነገር ግን ከዚያ ቤት ሳቅን ያራቀ ነው። በጊዜው የአካባቢው አዋላጅ ነርስ በአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል እየዞሩ ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሞተሯ እየተንተፋተፈች ስላስቸገረቻቸው ወደ ጋሼ ጆሮ አመጧት። ጋሼ ጆሮም ፑንቲናውን ሞርደው፣ ወረቀቷን አስገብተው ልኩን አገኙ፤ ሆኖም ወረቀቷ ስትወጣ ጫፏ ተቀንጥሶ አዩ። መክደኛውን ከመግጠማቸው በፊት ቁራጯን መፈለግ ይገባቸው ነበር። ነርሷ ቸኩለው ከአጠገባቸው ስለቆሙ፣ ሞተሯም በመጀመሪያው እርግጫ ስለተነሣች፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳምጠው፣ «ጤነኛ ናት፣ ይሂዱባት» ብለው ሰጧቸው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ባላቸው ከጥቂት ወራት በፊት የሞቱባቸውን የጋሼ ጆሮን ታናሽ እህት ምጥ ያዛቸው። ነርሷ ጥሪው እንደደረሳቸው ተነሡ፤ ከወንዙ ማዶ ባለው ዳገት ላይ ግን ሞተሯ ድንገት ጠፋች። እግራቸው እስኪዝል ቢረግጧት አልነሣ ስላለች መንገድ ዳር ትተዋት፣ ቦርሳቸውን አንግተው በእግራቸው ቀጠሉ። ሲደርሱ ሕፃኗ ተወልዳ ታለቅስ ነበር፤ እናቲቱ ግን ብዙ ደም ፈስሷቸው ስለነበር ጥቂት ቆይተው ዐረፉ። በማግሥቱ ጋሼ ጆሮ ሞተሯን ከዳገቱ ገፍተው አምጥተው መክደኛውን ሲፈቱ፣ ከጥፍር የምታንስ፣ ጠርዟ የጠቆረ ቁራጭ ወረቀት በፑንቲናው መካከል ተሰክታ አገኙ። ነርሷ በጊዜው ደርሰው ቢሆን እህታቸው ይተርፉ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ማንም አልነገራቸውም፤ እሳቸውም ለመጠየቅ ድፍረት አላገኙም።

ሕፃኗን ወደ ቤታቸው አመጧት፤ ባለቤታቸውም ከአራት ወር ወንድ ልጃቸው ጋር አንድ ጡት አጥብተው አሳደጓት። ያገኙትን ለባለቤታቸው ሲነግሯቸው፣ ልጅቷ እስክትጠና ድረስ ነገሩ በሁለታቸው መካከል ይቆይ ተባባሉ። ልጅቷ ጠናች፣ ተማረች፣ አገባች፣ ወለደችም፤ ነገሩ ግን እንደተዳፈነ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ጆሮ ጆሯቸውን አምነው ሞተር አስረክበው አያውቁም። ወረቀቷ ሙሉ ሆና መውጣቷን በመዳፋቸው ዘርግተው ለባለ ሞተሩ ያሳያሉ፤ ከዚያም ቀኑን ጽፈው በደብተር ላይ ይለጥፏታል። ከተቀደደች፣ ቁራጯ እስክትገኝ ድረስ ባለ ሞተሩ ቢለምንም ቢቆጣም ሞተሩ ከደጃፉ አይወጣም። ደንበኞች ምክንያቱን ስለማያውቁ ይስቁ ነበር፤ አንድ ዳቦ አመላላሽ የእኔን ወረቀት ባለ ቀለም ያድርጉልኝ ሲላቸው፣ አንድ መምህር ደግሞ ሞተሬ ፈተናውን ካለፈች ካርዷን ይስጡኝ እያሉ ያሾፉ ነበር። እሳቸውም ሰው ላለማስቀየም ፈገግ ይሉና ወዲያው አቀርቅረው ይለጥፋሉ። «ጋሼ ጆሮ» ተብለው ሲጠሩም ሁልጊዜ ጥቂት ዘግይተው ነበር አቤት የሚሉት። እንዲህ የሞሏቸው ደብተሮች አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል፤ በመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተለጠፈችው ግን ያች ጠርዟ የጠቆረ ቁራጭ ነበረች።

ከሦስት ዓመት በፊት እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ሥራቸውን ተዉ። ዘንድሮ ደግሞ ሳንባቸው ታሞ አልጋ ላይ ዋሉ፤ የማይድኑ መሆናቸውን ሲያውቁም ሴት ልጃቸውን ጠርተው፣ የመጀመሪያውን ደብተር ሰጥተው፣ እናቷ የሞቱበትን ቀን እንዳለ ነገሯት። ልጃቸው ደብተሩን ይዛ ወጣች፤ ለአሥራ አንድ ቀንም ሳትመጣ ቀረች። በእነዚያ ቀናት እህል አልወርድ አላቸው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይሉና፣ የገባው ሌላ ሰው ሲሆን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ይመልሱ ነበር። ይህ ክፍል እንዲነበብ ያዘዙትም ያን ጊዜ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «ሰው በሬሳዬ ፊት ጥንቁቅ ነበር ሊለኝ ነው፤ ጥንቃቄውን በማን ሞት እንደተማርኩት ሳያውቅ አያመስግነኝ» አሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጃቸው መጣች። ከተኙ ጀምሮ አልነሣ ብላ የቆመችውን የገዛ ሞተር ሳይክላቸውን ከግቢው ገፍታ ወደ መኝታ ቤቱ በር አስጠጋች፤ መክደኛዋን በካቻቢቴ ፈትታ፣ እያየች ባደገችው መንገድ ወረቀቷን አስገብታ መሽከርከሪያውን አዞረች። ሁለት ጊዜ ምልክቱ አለፋት፤ እሳቸውም ትንፋሽ ስላጠራቸው፣ ወደ ኋላ መልሽው ለማለት ከአልጋው ላይ እጃቸውን አወዛወዙላት። በሦስተኛው ወረቀቷ በልኩ ተለቀቀች። ልጃቸው ሞተሯን ለማስነሣት አልሞከረችም፤ ወረቀቷን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አራቱንም ጠርዝ ካየች በኋላ፣ በመዳፋቸው ላይ አኑራ፣ «ሙሉ ናት፣ አባዬ» አለቻቸው። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እሳቸውም አልጠየቋት። ቀኑን ጽፋ በአሥራ ዘጠነኛው ደብተር መጨረሻ ላይ ለጠፈችላቸው። ከአራት ቀን በኋላ፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ልጃቸው ከአጠገባቸው ተቀምጣ ሳለች ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሠርተው ያቆሟቸውንና ዛሬም በየመንገዱ የሚሄዱ ብዙ ሞተሮችን ትተው ሄደዋል። የመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ከዛሬ ጀምሮ ባዶ ነው፤ ጠርዟ የጠቆረችውን ቁራጭ ልጃቸው ዛሬ ጠዋት በጥፍሯ ቀስ ብላ አንሥታ በደረት ኪሳቸው ውስጥ ስላኖረች፣ አብራቸው ትቀበራለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተሸከሙትን የሚያውቅ አምላክ እዚያ ያሳርፍላቸው፤ ለመጠየቅ የፈሩትንም ከእህታቸው አፍ ያሰማቸው። አሜን።