እጅሽን ብቻ

ቃሊቲ፣ መንገድ ዳር፣ የእማዋይሽ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ፤ ባሏ ጉልላት የጻፈው ፊልም ከአስፋልቱ ማዶ እየተቀረጸ ነው፤ እሱ ቆሞ ይለምናል፣ እሷ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ የሌላውን ቀዳዳ ትፈልጋለች።

ጉልላት፦ ቁልቢ ገብርኤል ምስክሬ ነው፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። እኔና አንቺ የተገናኘንበት ቀን እንዳለ ነው የተጻፈው።

እማዋይሽ፦ አንበሳውስ?

ጉልላት፦ አንበሳው ነበረ። አንቺ ሥራ ላይ ስለነበርሽ ዞር ብለሽ አላየሽውም።

እማዋይሽ፦ ቃሊቲ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚህ ሁሉ ሲኖትራክ መሐል።

ጉልላት፦ በዜብራው ነው የተሻገረው፤ ከኛ ሰው ይሻላል። ይልቅ ፀሐይዋ ሳትሸሸን ተነሺ። እጅሽን ብቻ ነው የምፈልገው። ተዋናዩ ክሪኩን እግሩ ላይ ጥሎ እያነከሰ ነው፣ ቡሎኑም አልፈታ ብሎታል። የሱን ሸሚዝና ሰዓት ታደርጊያለሽ፤ ካሜራው ከክንድሽ አያልፍም።

እማዋይሽ፦ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ብለህ መጣህ። ስለዚህ ጎማውን የሚቀይረው ወንዱ ነው።

ጉልላት፦ መሪ ተዋናይ ነዋ።

እማዋይሽ፦ እኔስ የት ነው ያለሁት?

ጉልላት፦ ያቻትልሽ፣ ጃንጥላ የተያዘላት። ትንሽ አሳምሬሽ ነው። ከሀብታም አባቷ ቪላ አኩርፋ ወጥታ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

እማዋይሽ፦ በሌሊት ልብስ?

ጉልላት፦ ስታኮርፍ ልብስ የምትቀይርበት ጊዜ አላገኘችም።

እማዋይሽ፦ ሽፋሽፍት የምትለጥፍበት ግን አግኝታለች። ሥራዋ ምንድን ነው?

ጉልላት፦ ቆንጆ ናት።

እማዋይሽ፦ ሥራዋን ነው የጠየቅሁህ።

ጉልላት፦ መለስኩልሽ እኮ። ደግሞ ልቧን ያማታል።

እማዋይሽ፦ ምን ሆና?

ጉልላት፦ ጤነኛ ከሆነች ማን ተሸክሟት ሆስፒታል ይሮጣል?

እማዋይሽ፦ ሙሽራዋንስ የት ጣልካት? ያኔ ደጄ ላይ ጎማህ የፈነዳው የሰው ሙሽራ ጭነህ ስትነዳ ነው።

ጉልላት፦ አወጣኋት። ሁለት ሴቶች አንድ ፊልም ላይ ከተገናኙ ለወንድ ካልተጣሉ ሌላ ምን ያወራሉ?

እማዋይሽ፦ ስለ ጎማ አውርተን ነበር። እኔና እሷ።

ጉልላት፦ እሱማ አሰልቺ ነው።

እማዋይሽ፦ ስማኝ ጉልላት። ሰሞኑን አንድ ባለ ሚኒባስ መጣ። እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሮ እያየ፣ ሠራተኛው ምሳ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሠራተኛዋ እኔ ነኝ ስለው ሳቀ፤ እዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሌለ ወንድ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ በተነፈሰ ጎማ እየተንገጫገጨ ሄደ። አሁን ያንን ሰውዬ ፊልም ቤት አስገብተህ፣ በገዛ እጄ፣ ልክ ነበርክ ልትለው ነው?

ጉልላት፦ እኔማ ለፕሮዲውሰሩ አንሥቼለት ነበር። ፊቷንም እናሳየው ብዬዋለሁ። ሴት ጎማ ስትፈታ ተመልካች አያምንም አለኝ።

እማዋይሽ፦ አንበሳውን አምኖ?

ጉልላት፦ አንበሳው ወንድ ነዋ።

እማዋይሽ፦ እሱን ያዝልኝ፤ ያንን ላስቲክ፣ በግራህ ያለውን። እሺ፣ ቀጥል።

ጉልላት፦ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ሲባል ኖሯል፣ እኔ አላወጣሁት።

እማዋይሽ፦ ይኸው ዛሬ ወንዱ ሳያውቅ በሴት ሊያልቅ መጣ።

ጉልላት፦ ስምሽ ይወጣል። መጨረሻው ላይ፣ ልዩ ምስጋና ተብሎ።

እማዋይሽ፦ መብራት በርቶ ሰው በር ላይ ሲጋፋ የሚወጣውን ነው?

ጉልላት፦ እማዋይ፣ ዛሬ ይቺን ካልቀረጽን ታሪኩን ለሌላ ደራሲ ሊሰጡብኝ ነው። ዕድሜ ልኬን ሳወራ ሰው እያፏጨ ነው የሚያልፈኝ። ቁጭ ብለሽ የሰማሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አሁን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሊሰማኝ ነው።

እማዋይሽ፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው እምቢ ብዬ ያላባረርኩህ። እጄን ውሰድ፤ ግን ከፊቴ ጋር ነው የሚመጣው። ዳይሬክተሩ ለምን ካለህ፣ እኔ ቡሎን ስፈታ አንተ የት ተቀምጠህ ምን ታደርግ እንደነበር ንገረው።

ጉልላት፦ ይህ ሁሉ ሰው ቆሞ?

እማዋይሽ፦ ያኔም ሰው ቆሞ ነበር። በቬሎዋ ጫፍ ፊትህን የጠረገችልህ ሙሽራዋ አይደለችም?

ጉልላት፦ እሺ። እሺ፣ መፍቻሽን ያዢና ተከተዪኝ… ጋሽ ዳይሬክተር፣ ካሜራውን አንዴ አቁመው። ልጅቷንም ከመንገድ ዳር አስነሣልኝ። ታሪኩ እውነት ነው ብዬ ምያለሁ፣ አሁንም እምላለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ነው የፈጠርኩት፤ እዚያ ቁጭ ብሎ ያለቀሰው እኔ ነበርኩ።