ተራዬን ለባሰበት

በኮሮና ወረርሽኝ ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ምንጣፌን ላጥብ ሄልሲንኪ ውስጥ ሰፈርተኛው ምንጣፍ ወደሚያጥብበት የባሕር ጠርዝ የእንጨት መድረክ ስወርድ ጎረቤቴን ካሌርቮን አገኘሁት። ድሮ የመርከብ በያጅ ነበር። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። ያን ዕለት ምንጣፉን ዘርግቶ፣ ብሩሹን ሳያነሳ ተቀምጧል። እግሩ ከማበጡ የተነሳ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶታል።

ደህንነቱን ብጠይቀው ደህና ነኝ አለኝ። እኛ አገር፣ ፊንላንድ፣ ሰው የሬሳ ሣጥን ውስጥ ሆኖም ደህና ነኝ ይላል። ስጨቀጭቀው ሁለት ቀጠሮ መዝለሉን አመነ። ከሆስፒታል አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ልጅ ጭንቀቱን ልታዳምጠው ብትደውልለትም ስልኩን ዘግቶባታል።

«ተራዬን ለባሰበት ሰው ስጪው አልኳት» አለ፣ ኮራ ብሎ።

ፈንጠር ብላ ምንጣፏን የምታሽ ወጣት ቀና አለች። «ልጅቷ እኔ ነኝ። ሳንላ እባላለሁ።»

ካሌርቮ ደነገጠ፤ ቢሆንም እጅ አልሰጠም። «ልጄ፣ እኔ የሚያስፈልገኝ ማሽን ነው። ወሬ ደም አያጥብም።»

«አያጥብም። ፍርሃት ከቤት ካላስወጣዎትስ ማሽኑ ምን ያደርግልዎታል?»

«ፈራሁ ማን አለሽ? ለተቸገረ ሰው ተራ ለቀቅኩ እንጂ። አስተዳደጌ ነው።»

ሳንላ ብሩሿን አስቀመጠች። «በዚህ ሳምንት ከእርስዎ ጋር አሥራ አራት ሕመምተኞች ጋ ደወልኩ። ሁሉም ያሉኝ ይህንኑ ነው። የባሰበትን ሰው ስፈልግ ሰነበትኩ፤ እስካሁን አላገኘሁትም።»

ክው አልኩ። አሥራ አራት ቤት፣ በየቤቱ አንድ የፈራ ሰው፣ አንዱ ለሌላው ተራ እየለቀቀ። ይህን ያህል ደግነትና ይህን ያህል ብቸኝነት አንድ ላይ አይቼ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎቼ ተራ መልቀቅን ሳስተምር የኖርኩት እኔ፣ ተደነቅኩም አፈርኩም።

ካሌርቮ ብሩሹን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «ማሽኑ ላይ ተኝቼ ጎኔ ያለው ሰው ሲያስል» አለ በመጨረሻ፣ «በቃ፣ ዛሬ ነው የምሞተው እላለሁ። ይህን ለሚስቴም አልነገርኳት።»

ሳንላ አላባበለችውም። ጠየቀችው፣ አዳመጠችው፤ ወዲያው ሆስፒታል ደውላ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ለብቻው መስኮት አጠገብ ደሙ እንዲታጠብ አስማማች። ከዚያ ወዲህ በየቀጠሮው ዋዜማ ያወራሉ። አንድም ቀን አልቀረም፤ እብጠቱ ጎደለ፣ እንቅልፉም ተመለሰ። የቆየ ሕመም ያለበትን ሰው አካሉን ብቻ ማከም ግማሽ ሕክምና እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ያን ዕለት ከመድረኩ ሲነሳ ግን ወደ ልጅቷ ዞሮ፣

«ለቀሩት ንገሪያቸው» አላት። «የባሰበት ሰው ተገኝቷል፣ ስሙም ካሌርቮ ነው በያቸው። ተራውን ስለወሰደ አሁን ተራው የእነሱ ነው።»

በሳምንቱ ከአሥራ ሦስቱ ዘጠኙ ስልኩን ሳይዘጉ አወሩ።